የተሰበረ ክንድና ጥልቅ ባሕር

አንባቢ ሆይ፣ ሰው ታሞ ሳለ መታገሡ ብዙ የሚያስመሰግነው አይደለም፤ ሕመሙ ራሱ አስሮ ያስቀምጠዋልና። ትዕግሥት በእውነት የሚፈተነው ሕመሙ ከሄደ በኋላ፣ ሰውየው ድኛለሁ ብሎ በሚያስብበት፣ ነገር ግን ገና ባልዳነበት በዚያ መካከለኛ ጊዜ ነው። ይህን የምነግርህ ከሌላ ሰው የሰማሁትን ደግሜ አይደለም፤ በገዛ ግራ ክንዴ የተማርሁትን ነው። ትምህርቱ የተጀመረው በላስታ ተራራ ላይ ሲሆን፣ የተፈጸመው ግን ከዚያ እጅግ ርቆ፣ በባሕር ውስጥ ነው።

የተወለድሁት ከላሊበላ ከተማ በስተምሥራቅ በምትገኘው በገነተ ማርያም ነው። አገሩን አላየኸው እንደሆነ በዓይነ ኅሊናህ እንድትስለው ልርዳህ። አገሩ ደጋ ነው፤ ላሊበላ ከተማ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች፤ በስተሰሜን ያለው አቡነ ዮሴፍ ተራራ ደግሞ ከ4000 ሜትር በላይ ይደርሳል። መንደራችን የምትጠራበት ቤተ ክርስቲያን ከአንድ ወጥ አለት ተፈልፍላ የወጣች፣ ዙሪያዋን በአራት ማዕዘን ዓምዶች የተከበበች ናት። በውስጧ የሚታዩት ጥንታዊ የግድግዳ ሥዕሎች እ.ኤ.አ. ከ1270 እስከ 1285 ከነገሡት ከዐፄ ይኩኖ አምላክ ዘመን ጋር የተያያዙ ናቸው። በልጅነቴ ከእነዚያ ዓምዶች ሥር ቆሜ ሽቅብ ስመለከት፣ ይህን ሁሉ ጣራ ተሸክመው ይህን ያህል ዘመን መቆማቸው ያስደንቀኝ ነበር።

እንዲህ ባለ አገር የተወለደ ሰው ከባሕር ጋር ምን አገናኘው ብለህ ትጠይቅ ይሆናል። ጥያቄህ ተገቢ ነው። እኛ የላስታ ልጆች የምናውቀው ውኃ ክረምት ሲገባ ደፍርሶ የሚወርደውን ጅረት፣ በጋ ሲሆን ደግሞ በድንጋይ መካከል የሚቀረውን ኩሬ ነው። ታላቁ ተከዜ የሚነሣው ከእኛው ተራሮች ቢሆንም፣ በእኛ ዘንድ ሲያልፍ ገና ሕፃን ነው። ዋና የተማርሁትም ከብት ስጠብቅ ከእኩዮቼ ጋር በኩሬ ውስጥ ነበር። ዕድሜዬ ከፍ ሲል ግን እንጀራ ፍለጋ ወደ ጅቡቲ ወረድሁ። አገራችን እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ የራሷ የባሕር በር ስለሌላት፣ የምታስገባውና የምታስወጣው ዕቃ አብዛኛው የሚያልፈው በጅቡቲ ወደብ መሆኑን ታውቃለህ። እኔም በዚያ በትራንዚተርነት ሥራ ተቀጠርሁ። የመጀመሪያዎቹን ወራት ባሕሩን የማውቀው መርከብ የሚቆምበት ቦታ አድርጌ ብቻ ነበር።

የውስጡን ያሳየኝ አንድ የድሬዳዋ ሰው ነው። በወደቡ ሥራ ከእኔ 10 ዓመት ይቀድመኛል። በዕረፍት ቀን በጀልባ ወደ ሙሻ ደሴት ወስዶ መነጽር አጠለቀልኝና ፊቴን በውኃ ውስጥ እንድነክር አደረገኝ። አንባቢ ሆይ፣ ያን ቀን ያየሁትን በሙሉ ልነግርህ አልችልም። ከውኃው በላይ ያለው አገር ደረቅ ድንጋይ ነው፤ ከውኃው በታች ግን የኮራል ዱር አለ፤ በዚያም ዱር ውስጥ ቢጫ፣ ሰማያዊና ቀይ ዓሦች እንደ ወፍ መንጋ ይዞራሉ። ከዚያ ቀን በኋላ ገንዘብ አጠራቅሜ፣ የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ የመጥለቅን ሙያ፣ ማለትም ስኩባ የሚባለውን፣ ተማርሁ።

ይህ ሙያ እንግዳ ቢሆንብህ ጥቂት ላስረዳህ። ሰው ወደ ባሕር መጥለቅ የጀመረው ዛሬ አይደለም፤ በቀይ ባሕር በዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ ዕንቍ የሚፈልጉ ጠላቂዎች ትንፋሻቸውን ይዘው ይወርዱ እንደ ነበር ይታወቃል። ይሁን እንጂ ሰው አየሩን በጀርባው ተሸክሞ እንደ ልቡ በውኃ ውስጥ መዘዋወር የቻለው፣ ፈረንሳውያኑ ዣክ ኢቭ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን እ.ኤ.አ. በ1943 አንድ መሣሪያ ከሠሩ በኋላ ነው። መሣሪያው በሲሊንደር ውስጥ የታመቀውን አየር፣ ጠላቂው በሚተነፍስበት ልክና በዙሪያው ባለው የውኃ ግፊት መጠን እየለካ ይሰጠዋል። ግፊቱ ቀላል ነገር አይደለም። በባሕር ወለል ላይ የምንሸከመው የአየር ግፊት 1 አትሞስፌር ነው፤ በየ10 ሜትሩ ጥልቀት ሌላ 1 አትሞስፌር ይጨመርበታል። ስለዚህ 20 ሜትር የወረደ ሰው ከላይ ካለው ሰው ሦስት እጥፍ ግፊት ይሸከማል ማለት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የተማርሁት ሕግ ግን ስለ ግፊት አልነበረም። ሕጉ «ብቻህን አትውረድ» የሚል ነው። ጠላቂ ምንጊዜም ጓደኛ አለው፤ የአንዱ አየር ቢያልቅ ሌላው ያካፍለዋል፤ አንዱ ቢያዝ ሌላው ያስለቅቀዋል። ይህን ሕግ በቃሌ አጠናሁት፣ ፈተናም አለፍሁበት። ትርጉሙን የተረዳሁት ግን ከዓመታት በኋላ ነው።

በ2011 ዓ.ም. መስቀልን ከእናቴ ጋር ላከብር ወደ ገነተ ማርያም መጣሁ። በዓሉ ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ መስከረም 19፣ ማለዳ ከመንደራችን በላይ ወዳለው ዘመድ ቤት ወጥቼ ስመለስ፣ ጤዛ ያረጠበው ድንጋይ አዳለጠኝ። ስወድቅ ግራ እጄን አስቀድሜ ዘረጋሁ። የሰማሁት ድምፅ ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንደሚሰማው ያለ ነበር። ሕመሙ ጥቂት ቆይቶ መጣ። ክንዴን ስመለከተው ከአንጓው ከፍ ብሎ ጠመም ብሏል።

እናቴ ጎረቤት ጠራች፤ ጎረቤት ወጌሻ ጠራ። ወጌሻው አባባ ገና በልጅነቴ የተለያየ አውራ ጣቴን የመለሱልኝ ሽማግሌ ናቸው። እጄን ከጉልበታቸው ላይ አኑረው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በጣቶቻቸው ጫፍ ብቻ ከክርኔ ጀምረው ቀስ እያሉ ወረዱ። ከዚያም እንዲህ አሉኝ።

«ልጄ፣ ከሁለቱ አጥንቶች አንዱ ተሰብሯል። አልተፈረካከሰም። ግን ቦታውን ለቋል።»

«አባባ፣ ታዲያ አይመልሱልኝም?» አልኋቸው።

«ጉዞህን እንድትችል ደግፌ አስርልሃለሁ። የሚመለሰው ግን በራጅ ታይቶ ነው። እኔ የማየው በጣቴ ነው፤ እነሱ በብርሃን ያዩታል። ጣት ይሳሳታል።»

ቀርከሃ ሰንጥቀው፣ ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለውበት፣ ክንዴን በሁለት ወገን ደግፈው አሰሩት። አስረው ሲያበቁም የጣቶቼን ጥፍር አንድ በአንድ እየተጫኑ፣ ነጣ ብሎ እንደገና ደም መመለሱን ተመለከቱ። ይህ ጥንቃቄ ተራ ነገር እንዳይመስልህ። የስብራት እስራት ከልክ በላይ ሲጠብቅ ደም ወደ ጣቶች እንዳይደርስ ያግዳል፤ ሥጋውም ሊሞት ይችላል። በአገራችን በጠበቀ እስራት ምክንያት እጃቸው ወይም እግራቸው እስከ መቆረጥ የደረሰ ሕፃናት መኖራቸውን ሐኪሞች ይመሰክራሉ። ጣት ሲደነዝዝ፣ ሲቀዘቅዝ ወይም ሲጠቁር እስራቱን ሳይውል ሳያድር ማላላት ያስፈልጋል። እኒህ ሽማግሌ ይህን ያወቁት በትምህርት ቤት አይደለም፤ ነገር ግን የሙያቸውን ወሰን ለይተው ያወቁ ሰው ነበሩ።

ልሄድ ስነሣ አንድ ቃል ጨመሩልኝ። «ስማኝ ልጄ። አጥንት ሲሰበር ይጮኻል፤ መጠገን ሲጀምር ዝም ይላል። ዝምታውን ጤና ነው ብለህ እንዳትቈጥረው። እስከ ኅዳር ሚካኤል ከእስራት አትውጣ፤ እስከ ጥምቀት ሸክም አታንሣ።»

ሐኪም ቤት ስደርስ ራጅ ተነሣሁ። አባባ በጣታቸው ያዩት ልክ ነበር፤ ከክርን በታች ካሉት ሁለት አጥንቶች በአውራ ጣት በኩል ያለው ተሰብሮ ጥቂት ተንሸራቷል። ሐኪሙ ማደንዘዣ ወግቶ አጥንቱን ወደ ቦታው መለሰና በጀሶ አሰረው። ጀሶው ለ6 ሳምንት እንዲቆይ፣ ከዚያም በኋላ ክንዴ ቢያንስ ሌላ 6 ሳምንት ከባድ ነገር እንዳይሸከም አዘዘኝ። ወጌሻው በበዓላት የቈጠሩትን ሐኪሙ በሳምንት ቈጠረው እንጂ፣ የሁለቱ ምክር እምብዛም አልተለያየም።

እዚህ ላይ የአጥንትን አጠጋገን ብገልጽልህ ኋላ የምነግርህን ለመረዳት ይጠቅምሃል። አጥንት ሲሰበር በውስጡ ያሉት የደም ሥሮችም ይበጠሳሉ። የፈሰሰው ደም በስብራቱ ዙሪያ ይረጋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በረጋው ደም ቦታ ለስላሳ ልም አጥንት ይበቅላል፤ ይህም ሁለቱን ጫፎች እንደ ጭቃ ምርጊት ያያይዛቸዋል። ቀጥሎ ያ ለስላሳ ነገር ቀስ በቀስ እየጠነከረ እውነተኛ አጥንት ይሆናል፤ ይህም ብዙ ሳምንት ይፈጃል። በመጨረሻም ሰውነት ትርፉን እየጠረበ፣ የጐደለውን እየሞላ፣ አጥንቱን ወደ ቀድሞ ቅርጹ ለመመለስ ወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ዓመታት ይሠራል። አስተውል፤ ሕመሙ የሚጠፋው ሥራው ሲያልቅ አይደለም፤ ገና በመካከል ሳለ ነው።

በአውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው የምድር ባቡር ወደ ጅቡቲ ተመለስሁ። በአንድ እጅ ሰነድ ማገላበጥ፣ በአንድ እጅ ጫማ ማሰር፣ በአንድ እጅ እንጀራ መጠቅለል ተማርሁ። በመጀመሪያው ወር ታዛዥ በሽተኛ ነበርሁ፤ ምክንያቱም ያመኝ ነበር። በሁለተኛው ወር ሕመሙ ሄደ። ፈተናው የጀመረውም ያኔ ነው።

በጅቡቲ ባሕር ከኅዳር ጀምሮ እስከ ጥር ባለው ጊዜ ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ዓሣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ወደ ዳርቻው ይቀርባል። ይህ ዓሣ በዓለም ላይ ካሉት ዓሦች ሁሉ ትልቁ ነው፤ ያደገው ከ12 ሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል። ሆኖም ሰውን አይነካም፤ አፉን ከፍቶ በውኃ ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታትን እያጠለለ ይበላል። ወደ ጅቡቲ የሚመጡት አብዛኞቹ ገና ያላደጉ ናቸው። ያን ዓሣ ለማየት ዓመቱን ሙሉ ስጠብቅ ነበርና፣ ወራቱ በጀሶ ታስሬ እንዳያልፈኝ ልቤ ቸኰለ።

ኅዳር 1 ቀን ጀሶው ተፈታ። ክንዴ ከስቶ፣ ቆዳዬ እንደ ዕባብ ቅርፊት ተልጦ አገኘሁት። በጅቡቲ ያየኝ ሐኪም ጣቶቼን እንዳንቀሳቅስ፣ ትንሽ ኳስ እየጨበጥሁ እንድለማመድ ነገረኝ። ስለ ባሕር ስጠይቀው፣ «በዝግታ መዋኘት ትችላለህ። ሲሊንደር ተሸክሞ መጥለቅ ግን ሁለተኛው ራጅ አጥንቱ መያያዙን እስኪያሳይ የለም» አለኝ።

ከዚያ ወጥቼ የድሬዳዋውን ወዳጄን አገኘሁት። «እህስ፣ ሐኪሙ ምን አለህ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም፣ «ፈቶኛል» አልሁት።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ቃል ልብ ብለህ ተመልከተው። ውሸት አይደለም፤ ሐኪሙ ጀሶውን ፈቶልኛል። እውነትም አይደለም፤ ከባሕር ክልከላ አልፈታኝም። እኔ ቃሉን የመረጥሁት ወዳጄ የሚፈልገውን ትርጉም ራሱ እንዲሰጠው ነው። በአንደበት ያልተዋሸ ውሸት በኅሊና ላይ ያነሰ የሚከብድ ይመስለን ይሆናል፤ ነገር ግን ክብደቱ አንድ ነው።

በተሰበርሁ በ8ኛው ሳምንት፣ ዌል ሻርኩን ከማየታችን አስቀድመን ክንዴን እንድሞክር ብለን ወደ ሙሻ ደሴት ሄድን። ወዳጄ እንዳይከብደኝ አስቦ፣ ከ15 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝነውን ሲሊንደር በጀልባው ላይ አላሸከመኝም፤ ከውኃው ውስጥ ከገባሁ በኋላ አስታጠቀኝ። ውኃ ሸክምን ያቀላልና፣ ስወርድ አንዳች ሕመም አልተሰማኝም። «እነሆ፣ ድኛለሁ!» አልሁ በልቤ። ግማሽ ሰዓት ያህል በደስታ ዋኘን።

14 ሜትር ላይ ሳለን፣ ወዳጄ ከኮራሉ ሥር አለፍ ሲል ድንገት ቆመ። ዓሣ አጥማጆች ጥለውት የሄዱት የናይለን ክር ከሲሊንደሩ አናት ላይ፣ ከማጅራቱ በስተኋላ ተጠምጥሞበታል። እጁን ወደ ኋላ ቢሰድ አልደረሰለትም። ወደ እኔ ዞረና በምልክት ጠራኝ። ሥራው ቀላል ነበር፤ በአንድ እጅ ክሩን ወጥሮ መያዝ፣ በሌላው በቢላዋ መቍረጥ ነው። ቢላዋዬን በቀኜ መዝዤ ግራ እጄን ወደ ክሩ ሰደድሁ። ጨበጥሁት፤ ሳብሁትም። በዚያች ቅጽበት ከአንጓዬ እስከ ክርኔ እሳት ገባበት፤ ጣቶቼም ሳላዛቸው ተከፈቱ። ደግሜ ሞከርሁ፤ ደግመው ተከፈቱ። ክሩ ላልቶ ሳለ በቢላዋ ብመታው እያመለጠ አልቈረጥ አለኝ። ትንፋሼ በረታ፤ የራሴንም አየር በከንቱ አባከንሁ።

ወዳጄ ፊቱን አዙሮ እጄን ተመለከተ። ከመነጽሩ በስተጀርባ ዓይኖቹ ሁሉን ሲረዱ አየሁ። መዳፉን አንሥቶ «ተው» አለኝ። ከዚያም የሚተነፍስበትን ቧንቧ ከአፉ ሳያወጣ፣ የለበሰውን መታጠቂያ ከነሲሊንደሩ አውልቆ ወደ ፊቱ አዞረና፣ በገዛ ቢላዋው ክሩን ቈርጦ እንደገና ለበሰ። ይህ በሥልጠና ጊዜ የሚማሩት ነገር ነው፤ ነገር ግን ልብ ያልረጋ ሰው አይችለውም። አየሩን ስናይ 60 ባር ደርሷል፤ ወደ ላይ ለመመለስ የተወሰነው መጠን 50 ነበር። ቀስ ብለን ወጣን፤ 5 ሜትር ላይ እንደ ልማዱ 3 ደቂቃ ቆምን። እነዚያን 3 ደቂቃዎች ፊት ለፊት ተያይተን፣ አንድም ነገር መነጋገር ሳንችል አሳለፍናቸው። እንደዚያ የረዘመ ዝምታ አላውቅም።

ጀልባው ላይ ከተቀመጥን በኋላ፣ «ሐኪሙ ፈቶኛል ብለኸኝ አልነበረም?» አለኝ።

«ጀሶውን ነው የፈታው» አልሁት።

ብዙ ጊዜ ዝም አለ። አልተቈጣም፤ ቢቈጣ ይሻለኝ ነበር። በመጨረሻ፣ «ክንዱ ያንተ ብቻ መስሎህ ነው» አለኝ። «እኔም ያንን ክንድ ተማምኜ ነው የወረድሁት።»

አንባቢ ሆይ፣ ልነግርህ የተነሣሁት ይህን ነው። እስከዚያች ቀን ድረስ ስብራቴን የራሴ ጉዳይ አድርጌ ነበር የማየው፤ ብታመም የምታመመው እኔ፣ ቢባስብኝ የሚብስብኝ እኔ ነኝ እል ነበር። በራስ ላይ መድፈር ድፍረት ተብሎ ይመሰገን ይሆናል። ነገር ግን ሌላ ሰው ሕይወቱን ባስደገፈበት ነገር ላይ መድፈር ሌላ ስም አለው።

ከዚያ በኋላ፣ ሐኪሞች የተሰበረ ሰው ሳይድን እንዳይጠልቅ ለምን እንደሚከለክሉ ጠይቄ ተረዳሁ። ከምክንያቶቹ አንዱ በእኔ የደረሰው ነው፤ ጥንካሬ የሌለው እጅ ራስንም ጓደኛንም አያድንም። ሁለተኛው፣ ከባድ ዕቃ ማንሣትና በማዕበል ውስጥ ወደ ጀልባ መውጣት ገና ያልጠነከረውን አጥንት እንደገና ሊሰብረው ይችላል። ሦስተኛው ከግፊቱ ጋር የተያያዘ ነው። ጠላቂ ከታመቀው አየር ጋር የሚስበው ናይትሮጅን በግፊቱ ብዛት በደሙና በሥጋው ውስጥ ይሟሟል። ቀስ ብሎ ሲወጣ ናይትሮጅኑ በሳንባ በኩል ይወጣል፤ ፈጥኖ ቢወጣ ግን የጠርሙስ ለስላሳ ሲከፈት እንደሚታየው አረፋ ይሆናል። አረፋው በመገጣጠሚያ ላይ ብርቱ ሕመም፣ ከባሰም ሽባነትን ያመጣል። የኒው ዮርክን የብሩክሊን ድልድይ የመራው መሐንዲስ ዋሽንግተን ሮብሊንግ፣ በወንዙ ሥር በታመቀ አየር ውስጥ እየተመላለሰ ሲያሠራ እ.ኤ.አ. በ1872 ጤናውን ያጣው በዚህ በሽታ ነው። በተሰበረ ቦታ የደም ዝውውሩ እንደ ቀድሞው አይደለምና፣ ናይትሮጅኑ በሚገባ እንዳይወጣ ሐኪሞች ይሰጋሉ። በተጨማሪም አዲስ የመጣ የክንድ ሕመም ከስብራቱ ይሁን ከአረፋው ለመለየት ያስቸግራል።

ይህን በሽታ የመከላከያ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1908 ያወጣው ጆን ስኮት ሃልዴን የተባለ የብሪታንያ ሊቅ ሲሆን፣ የሞከረውም በፍየሎች ላይ ነበር። ፍየሎቹን በታመቀ አየር ክፍል ውስጥ አስገብቶ ሲያወጣቸው፣ የታመመችው ፍየል የፊት እግሯን አንሥታ ትቆም ነበር። ይህን ሳነብ የገነተ ማርያም ፍየሎች ትዝ አሉኝ። እረኛ ፍየሉ እግሯን ስታነሣ ካየ ያን ቀን ገደል አያወጣትም። እኔ ግን ለራሴ እረኛ ለፍየሉ የሚያደርገውን ያህል እንኳ አላሰብሁም።

ሁለተኛው ራጅ ሲነሣ አጥንቱ እንደገና አልተሰበረም፤ ነገር ግን ሐኪሙ መጠገኛው በበቂ አልጠነከረም ብሎ ለ4 ሳምንት በድጋፍ አሰረኝ። ዌል ሻርኮቹ ያን ዓመት መጡ፤ ሄዱም። አላየኋቸውም።

ለገና ወደ አገሬ ተመለስሁ። አስቀድሜ በላሊበላ በቤተ መድኃኔ ዓለም ዙሪያ ቆሜ ዓምዶቹን ተመለከትሁ። ይህች ቤተ ክርስቲያን እንደ ገነተ ማርያም ሁሉ በውጭ ዓምዶች የተከበበች ናት። ከዓምዶቿ ብዙዎቹ በዘመን ብዛት ወድቀው፣ ኋላ በግንብ ሥራ የተተኩ ናቸው፤ ልብ ብሎ ላየ ሰው ከአለቱ የተፈለፈለውና በግንብ የተተካው ይለያሉ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። አለት እጅግ ጠንካራ ነው፤ ከተሰበረ ግን ራሱን አይጠግንም፤ ግንበኛ መጥቶ ካልደገፈው ወድቆ ይቀራል። አጥንት ከአለት ይልቅ ደካማ ነው፤ ነገር ግን ጊዜ ከሰጡት ራሱን ይጠግናል። የሚለምነውም ጊዜ ብቻ ነው። እኔ ያንኑ ነፈግሁት።

ወጌሻው አባባ በእናቴ ቤት ቡና ሲጠጡ አገኘኋቸው። ክንዴን ተቀብለው እንደ ቀድሞው ዓይናቸውን ጨፍነው ዳሰሱት። «መልካም ገጥሟል» አሉ፤ ጥቂት ቆይተውም፣ «በመካከል ግን የሆነ ነገር አድርገህበታል» አሉኝ። የሆነውን ሁሉ ነገርኋቸው። ይገሥጹኛል ብዬ ስጠብቅ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ወዳጅህስ ታረቀህ?»

«አልተጣላንም አባባ። ግን እንደ ቀድሞው አይደለንም።»

«እንግዲያማ እሱም ስብራት ነው» አሉ። «እንደ ክንድህ ያዘው። አትነካካው፣ አታስቸኩለው፤ ግን ቀጥ አድርገህ እሰረው።»

ምክራቸውን ተቀበልሁ። ጅቡቲ ከተመለስሁ በኋላ ወዳጄን አብረን እንጥለቅ ብዬ አላስቸገርሁትም። በየሳምንቱ እሱ ሲሄድ ጀልባው ላይ ቁጭ ብዬ ዕቃ እጠብቅ፣ ሲመለስ ሲሊንደሩን በቀኝ እጄ እቀበለው ነበር። የካቲት ሲገባ ሦስተኛውን ራጅ ተነሣሁ። ሐኪሙ «አሁን ትችላለህ» ያለኝን በቃል አላወራሁትም፤ የራጁን ፊልም ይዤ ወደ ወዳጄ ቢሮ ሄድሁና በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘርግቼ አሳየሁት። ስብራቱ የነበረበት ቦታ ከሌላው ይልቅ ወፍሮና ነጥቶ ይታያል። ወዳጄ ረጅም ጊዜ ተመለከተው። ከዚያም፣ «ሚያዝያ ላይ፣ ባሕሩ ሲረጋ» አለኝ። የካቲት ላይ ቢለኝ ደስ ባለኝ ነበር፤ ነገር ግን ሁለቱን ወር የጨመረው ለክንዴ ሳይሆን ለቃሌ እንደ ሆነ ገብቶኝ አልተከራከርሁም።

ሚያዝያ ላይ ወረድን። ከመውረዳችን በፊት በጀልባው ላይ ግራ እጄን ዘርግቶ፣ «ጨብጠኝ» አለኝ። ጨበጥሁት። «አጥብቅ» አለኝ። አጠበቅሁ። ምንም ሳይናገር መነጽሩን አጠለቀ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ጠልቄአለሁ፤ ዌል ሻርኩንም በኋለኛው ዓመት አየሁት። የደጋ ልጅ በመሆኔ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ትዕግሥት ይጠበቅብኛል። በሰውነት ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን ወደ ከፍታ ሲወጡም አረፋ ሊሆን ስለሚችል፣ ደጋግሞ የጠለቀ ሰው በአውሮፕላን ከመሄዱ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት መቈየት አለበት፤ ወደ ተራራ አገርም ፈጥኖ መውጣት የለበትም። እናቴ «ና» ብላ ስትደውልልኝ፣ እንደ ቀድሞው ዛሬውኑ ልነሣ አልልም። ባሕሩ ከሰውነቴ እስኪወጣ ድረስ አንድ ሙሉ ቀን ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።

አንባቢ ሆይ፣ አንተ ምናልባት ባሕርን አይተህ አታውቅ ይሆናል፤ ክንድህም አልተሰበረ ይሆናል። ይሁን እንጂ በሕይወትህ ሳለህ አንድ ነገር ይሰበርብሃል፤ የሚጠገንበትም ጊዜ ይመጣል። ያን ጊዜ ሕመሙ ዝም ሲል ድኛለሁ ብለህ አትቸኵል። «የቸኰለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው ምሳሌያችን የሚነግረን የቸኳዩን ኪሳራ ብቻ ነው። እኔ የምጨምርልህ አንዲት ነገር ናት፤ ያፈሰስኸውን ጐንበስ ብሎ የሚለቅመው አንተ ብቻ አይደለህም፤ በአጠገብህ የቆመው ሰውም አብሮህ ይለቅማልና፣ ከመድፈርህ አስቀድሞ ወደ እሱ ዞረህ ተመልከት።